ሽማግሌዎቹ ግን እውነተኛ ነበሩ

«ጠርጥር፤ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይላሉ አበው። ለአራስና ለሕፃን የሚሰጥ ለስላሳ ምግብ ጉሮሮ የሚወጋ እንጨት ሊደብቅ ከቻለ፣ በዚህ ዓለም ላይ ሳይመረመር የሚዋጥ ምን አለ? ይህን አባባል ከአይናዲስ አባት ይልቅ ያከበረ ሰው በፒያሳ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አቶ ዓምደሚካኤል ወርቅ ሠሪ ናቸው። ወርቅ ሠሪ ደግሞ በሙያው ተጠራጣሪ ነው። የገዛ እኅታቸው ቀለበት ይዛ ብትመጣ እንኳን በጥቁሯ ድንጋይ ላይ ፈትገው፣ አሲድ ጠብ አድርገው፣ ቀለሙ ጸንቶ እስኪታይ ድረስ ቃል አይተነፍሱም ነበር። «የጠረጠርኩት ቀለበቷን እንጂ እኅትነቷን አይደለም» ይሉ ነበር። እኅትየው ግን ቅር ተሰኝታ ወደ ሱቁ መምጣት ካቆመች ቆይታለች።

አይናዲስ የእኚህ ሰው አንድያ ልጅ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፉ ዓለምን ያየችው በአባቷ መነጽር ነው። ልዩነቱ፣ እሳቸው የሚፈትኑት ብረትን፣ እሷ የምትፈትነው ሰውን መሆኑ ነበር። ተዋናይ ልትሆን ስትነሣ አባቷ የተቃወሟት ነውር ነው ብለው አልነበረም። «ልጄ፣ ማስመሰልን ሙያዬ ብሎ ከያዘ ሰው ጋር ስትውዪ እውነቱን በምን ትለዪዋለሽ?» አሏት። እሷ ስቃ አለፈችው፤ ጥያቄው ግን ከውስጧ አልወጣም።

የቲያትር ቡድኑ ይለማመድ የነበረው፣ በዙሪያው ያሉት ቤቶች ፈርሰው እሱ ብቻ በተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ላይኛው ደርብ ላይ ነው። የታሪክ ተውኔቶችን ብቻ የሚሠራ ቡድን ስለሆነ፣ የመኳንንት ካባ፣ የአርበኛ ለምድ፣ የጣሊያን ወታደር ቆብ በአንድ ገመድ ላይ ተሰቅለው፣ ወዳጅና ጠላት ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ይውሉ ነበር።

በዚያ ዓመት የተያዘው ተውኔት «የሠርክ መልእክተኞች» ይባላል። በጠላት ወረራ ዘመን በአራዳ ሰፈር በስውር ይሠሩ ስለነበሩ የውስጥ አርበኞች የሚተርክ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ጓዶቹን ለጠላት አሳልፎ ይሰጣል። ያ አንዱ ማን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ጸሐፊውም አዘጋጁም የሆኑት ጋሽ ደበሳይ ብቻ ነበሩ።

የጋሽ ደበሳይ አሠራር ለየት ያለ ነበር። ሙሉውን ጽሑፍ ለማንም አልሰጡም፤ እያንዳንዱ ተዋናይ የተቀበለው የራሱን ቃል ብቻ ነው። የመጨረሻው ትዕይንት ደግሞ ጨርሶ በወረቀት አልሰፈረም።

«ከሃዲያችን ማን እንደሆነ በዋዜማው በአፌ እነግራችኋለሁ» አሉ በመጀመሪያው ቀን፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እስከዚያ ተጠራጠሩ። የተቀባባ ጥርጣሬ ሲቀርብለት ተመልካች ከመቀመጫው ሆኖ ያሸተዋል። እውነተኛውን አምጡልኝ።»

አይናዲስ የተሰጣት የሻሽወርቅ የምትባል ክር ሻጭ ሴት ሆና እንድትጫወት ነው። የሻሽወርቅ መልእክት በድውር ክር ውስጥ እየጠቀለለች ከሰፈር ሰፈር ታደርሳለች። ከጠላት ቢሮ ወሬ የሚያወጣላት ስንታየሁ የተባለ አስተርጓሚ ነው። ይህን አስተርጓሚ የያዘው ተዋናይ በመካከሉ ታምሞ ስለቀረ ሌላ ሰው መፈለግ ግድ ሆነ።

አዲሱ ሰው የመጣ ዕለት አይናዲስ ቀድማ ደርሳ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ልምምዱ እዚህ ነው?» አለ፣ ደረጃውን ወጥቶ ሲያበቃ።

«ማን ነገረህ?»

«በሩ ላይ ተጽፏል።»

«በሩ ላይ የተጻፈው ‹ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው› የሚል ነው።»

«እሱን አንብቤ ነው የገመትኩት። ባዶ ቤት ማን ይከለክላል?»

ሳቋን ዋጠችው። «ስምህ ማን ነው?»

«ሉልሰገድ።»

«እውነተኛው ነው?»

«የሚሻል ካለሽ እቀይረዋለሁ።»

«መታወቂያ ይዘሃል?»

ሳይከራከር አውጥቶ ሰጣት። ፊቱንም ጀርባውንም አየች፤ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየች። «እዚህ ላይ ትስቃለህ» አለችው።

«ያኔ ኬላ ላይ አልቆምኩም ነበር።»

ጋሽ ደበሳይ ከኋላው ደረጃውን እያዘገሙ ደረሱ። «አይናዲስ፣ አስተርጓሚያችንን ፈትሸሽ ከጨረስሽ አሳልፊው» አሉ። እነሆ፣ ትውውቃቸው በፍተሻ ተጀመረ።

የባልደረባን ቃል አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ልምምዱ በጨለማ ቤት እንደመዳሰስ ነበር። አንዱ ቃሉ ሲጠፋው ሌሎቹ ወለል ወለሉን ያያሉ። ሉልሰገድ ግን እንደዚያ አያደርግም። አይናዲስ ቃሏ ሲጠፋት ዓይኗን እያየ ይጠብቃታል፤ አይጣደፍም፣ አያዝንላትም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ቃሏ ተመልሶ ይመጣል። ከቶ ማንም እንዲህ ጠብቋት አያውቅም።

ከልምምድ በኋላ ማኪያቶ መጠጣት ጀመሩ፤ ቆይቶም ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እየተጨዋወቱ ታክሲ እስከሚያዝበት ድረስ መውረድ። እናቱ ወይዘሮ አክበረት እሪ በከንቱ እንደሚኖሩ፣ አባቱ ካረፉ ወዲህ ያሳደጉት አጎቱ እንደሆኑ፣ ቤታቸው ትግርኛና አማርኛ እየተቀላቀለ የሚነገርበት እንደሆነ ነገራት። እሷም ስለ አባቷ ጥቁር ድንጋይ ነገረችው። ሉልሰገድ ከሳቀ በኋላ፣ «እኔን ሲፈትጉኝ ምን እወጣ ይሆን?» አለ።

«መዳብ» አለች አይናዲስ። ይህን ስትል ግን ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ቀልታ ነበርና።

ያን ጊዜ ገደማ ጥያቄዎቹ መጡ።

«አባትሽ የሚያስቀድሱት የት ነው?»

«ጊዮርጊስ። ለምን ጠየቅህ?»

«እንዲሁ ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ከጎረቤት ቃሉን የሚሰሙት፣ የሚያከብሩት ሰው አለ?»

«አባባ የማንንም ቃል አይሰሙም። ምን አስበህ ነው?»

«እንዲሁ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እንዲሁ» የሚባል መልስ በአቶ ዓምደሚካኤል ቤት አይታወቅም። አይናዲስ የሰማችውን ሁሉ በልቧ አኖረችው። በዚያው ሰሞን ሉልሰገድ ደረጃው ሥር ቆሞ በስልክ በትግርኛ ሲያወራ ደረሰችበት። ቋንቋውን አታውቅም፤ የገዛ ስሟንና የአባቷን ስም ግን ለየች። እሱ ሲያያት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በኋላ እደውላለሁ» አለና ዘጋው።

«ማን ነው?»

«አጎቴ።»

«ስለ እኔ ምን አገባው?»

ሉልሰገድ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በፊት የምትወደው ያ ዝምታ በዚያች ቅጽበት በር እንደተዘጋበት ክፍል ሆነባት።

ይህን ሁሉ ያወራችው ለኤዶም ነው። ኤዶም በቡድኑ ውስጥ የቅርብ ጓደኛዋ ናት፤ በተውኔቱም የጠጅ ቤት እመቤት ሆና ትጫወታለች። ሁለቱ በአልባሳቱ ክፍል ተቀምጠው የተበጠሰ ቁልፍ ሲተክሉ፣ ኤዶም መርፌዋን አየር ላይ ሰቅላ ቀረች።

«አይኑ፣ የአራዳ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ነቄ በይ እንጂ!»

«ምኑን?»

«ጋሽ ደበሳይ ከሃዲው ማን እንደሆነ አይታወቅም ይበሉ እንጂ፣ ለራሱ ለከሃዲው ነግረውታል አሉ። የቤት ሥራም ሰጥተውታል።»

«የምን የቤት ሥራ?»

«ከመድረክ ውጪ አንዲት ሴት አሳምን፤ ልቧን እስክትሰጥህ ድረስ፤ ከሃዲ ሰው እንዴት እንደሚታመን የምትማረው እንደዚያ ነው፤ ብለውታል አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ይወራል። እኔ ሉልሰገድ ነው አልወጣኝም። ግን ተመልከቺ፤ አስተርጓሚ ሆኖ የሚጫወተው እሱ፣ ስለ ቤተሰብሽ የሚጠይቀው እሱ፣ ስትመጪ ስልክ የሚዘጋው እሱ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እኔ ለአንቺው ብዬ ነው፣ አይኑዬ።»

አይናዲስ ጣቷን በመርፌው ወጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሉልሰገድን ደግነት ሁሉ እየፈተገች አየችው። ዣንጥላውን ሲሰጣት፣ ማንም ያላስተዋለውን ድካሟን ሲያስተውል፣ «እንዴት አወቀ?» ትላለች፤ መልሱም «ተምሮት ነው» የሚል ይሆናል። የሚያሳዝነው፣ እየጠረጠረችው መውደዷ አለመቀነሱ ነው። ልቧ አንዱን ሲናገር አእምሮዋ ሌላውን እየተረጎመ፣ ሁለቱ ሳይግባቡ ይውሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከአንድ ወርቅ ቤት ጥላ ሥር አቆማቸው። ሉልሰገድ በመስተዋቱ ውስጥ የተደረደሩትን ቀለበቶች ሲያይ ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ።

«አይናዲስ፣ እሑድ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

ውኃው ከጣሪያው ጠርዝ እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነበር። ወዲያው ግን ከደስታው ሥር ሌላው ነገር ብቅ አለ።

«ይህ ከየትኛው ትዕይንት ነው?» አለችው።

«ከየትኛውም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን እንደ ቃለ ተውኔት አማረ?»

«በልቤ ደጋግሜ ስለተለማመድኩት ነዋ።»

ከዚህ የባሰ መልስ ሊመልስላት አይችልም ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ጠበቃት።

«እንደፈለግህ» አለችው በመጨረሻ።

አንዲት ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር «እንደፈለግህ» ካለች እሺ ማለቷ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ሉልሰገድም እንደዚያው ተረድቶ፣ ዝናቡ ሳያባራ እየሮጠ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአቶ ዓምደሚካኤል ቤት ገቡ። ከፊት የቆሙት አቶ መብራህቱ፣ የሉልሰገድ አጎት ናቸው፤ ረጅም፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ንግግራቸው የተመጠነ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም። ደጅዎን አክብረን፣ ቤትዎን መርጠን፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

የቤቱ ጌታ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ጓዳ ገቡ። አይናዲስ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታይ ነበር። ከዘራው እንዴት እንደተያዘ፣ ጋቢው እንዴት እንደተጣፋ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚያርፍ አየች። ሁሉም ልክ ነበር። ያስጠረጠራትም ልክ መሆኑ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሽማግሌ የሚጫወቱ ሰዎች በትክክል እንዲህ ነበር የሚቆሙት።

«ልጁን ታውቂዋለሽ?» አሉ አባቷ በሹክሹክታ።

«አውቀዋለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ተዋናይ ነው።»

«ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ደርሶ ነበር። «አባባ፣ ይህ ልምምድ ነው» አለች በምትኩ። «እኔን ማሳመን ከአዘጋጁ የታዘዘው ሥራ ነው።»

«እንዲህም ይደረጋል? ሳሎን የቆሙትስ ሰዎች?»

«እነሱም… ከሌላ ቡድን የመጡ ተዋናዮች ይመስሉኛል።»

የአቶ ዓምደሚካኤል ፊት ተለወጠ። በሱቃቸው ውስጥ ስንት ዘመን ሐሰተኛ ወርቅ ለይተው መልሰዋል፤ በቤታቸው ግን የደፈራቸው አልነበረም። ወደ ሳሎን ተመልሰው ከአቶ መብራህቱ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጋቢውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ልብሱን ማን አከራያችሁ?» አሉ። ከዚያ፣ ማንም ሳያስበው፣ እጃቸውን ሰደው ያን ነጭ ጢም ይዘው ሳብ አደረጉት።

ጢሙ አልተላቀቀም።

አንደኛው ሽማግሌ ከዘራውን ሲያነሣ አቶ መብራህቱ በእጃቸው ከለከሉት።

«የራሴ ነው» አሉ በዝግታ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዞረው ወጡ፤ የቀሩትም ተከተሏቸው። የሰው ደጅ የረገጡ ሽማግሌዎች ሳይቀመጡ፣ ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ ሄዱ።

«ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ጥሩ ሙጫ ገብቶበታል» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል በሩን እየዘጉ። ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልጸናም።

ከዚያ በኋላ ሉልሰገድ ለልምምድ መምጣቱን አላቋረጠም። ቃሉን ይላል፤ ሲጨርስ ይሄዳል። ቃሏ ሲጠፋት ግን እንደ ሌሎቹ ወለሉን ማየት ጀመረ። አይናዲስ ይህንንም የሥራው ክፍል አድርጋ ቆጠረችው። «ሲታወቅበት የተቆጣ መሰለ» ስትል፣ ኤዶም «ከሃዲ ሲነቃበት እንዲያ ነው» አለቻት።

ዋዜማው ደረሰ። ጋሽ ደበሳይ ሁሉንም መድረኩ ላይ አቁመው ከታች ሆነው የመጨረሻውን ትዕይንት በአፋቸው ይነግሯቸው ጀመር።

«ወታደሮቹ ገብተዋል። ሁላችሁም በግድግዳው ላይ ተደርድራችኋል። ሻምበሉ ‹መሪያችሁ ማን ነው?› ይላል። ዝምታ። የሻሽወርቅ አንድ እርምጃ ወደፊት ትራመዳለች። እጇን አንሥታ ትጠቁማለች።»

«ማንን?» አለች አይናዲስ።

«ስንታየሁን።»

«እኔ? ከሃዲዋ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። የሻሽወርቅ ለገንዘብ አልከዳችም፣ ፈርታም አይደለም። አስተርጓሚው አንድ ቀን ይሸጠኛል ብላ ስለጠረጠረች ቀደመችው። የሚወዳት ሰው ግን እሱ ብቻ ነበር።» ጋሽ ደበሳይ በደስታ እጃቸውን አሹ። «በእነዚህ ሳምንታት በዓይንሽ ውስጥ ያየሁትን ጥርጣሬ በአርባ ዓመት የመድረክ ሕይወቴ አላየሁም።»

አይናዲስ ወደ ሉልሰገድ አየች፤ እሱ ወደ እሷ አላየም። «ለሉልሰገድ የሰጡት የቤት ሥራስ?»

«ለሉልሰገድ? ምንም አልሰጠሁትም። የቤት ሥራ የሰጠሁት ለኤዶም ነው፤ ማንንም እንዳታምኚ እንድታደርግሽ። ግሩም አድርጋ ሠራችው!»

ኤዶም የጣሊያኑን ቆብ በእጇ ታሽከረክር ነበር። «ሥራ እኮ ነው፣ አይኑዬ» አለች፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «በኋላ አብረን የምንስቅበት መስሎኝ…»

«ሽማግሌዎቹስ?» የአይናዲስ ድምፅ ቀጠነ። «ሽማግሌ የላኩት እርስዎ አይደሉም?»

«የምን ሽማግሌ?»

ሉልሰገድ ኮቱን ከወንበሩ አንሥቶ ወጣ። የእግሩ ድምፅ በእንጨቱ ደረጃ ላይ ሲወርድ ለሁሉም ተሰማ። አይናዲስ ለመከተል ስትነሣ ጋሽ ደበሳይ ግራ ገብቷቸው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ጨዋታ ነበር» አሏት።

«አዎ፣ ጋሽ ደበሳይ» አለች። «ሽማግሌዎቹ ግን እውነተኛ ነበሩ።»

ደረጃው ግርጌ ደረሰችበት። ያን ሁሉ ጊዜ ያፈነችው እንባ በአንድ ጊዜ መጣ። ሉልሰገድ ቆሞ ሰማት፤ ስለ ኤዶም፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ጥያቄዎቹ የምትለውን ሁሉ።

«ጥያቄዎቹ ሽማግሌ ለመምረጥ ነበሩ» አለ። «ስልኩም አጎቴን ለመለመን። ልጃገረዷን ሳናውቃት እንዴት ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያግባባሁት።»

«ይቅር በለኝ።»

«አጎቴ በማግስቱ ጢሙን ተላጨ። ‹የተዳሰሰ ጢም ይዤ ቤተ ክርስቲያን አልገባም› አለ። እናቴ መስተዋቱን ደበቀችበት።»

አይናዲስ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«እያለቀስሽ ነው» አለ ሉልሰገድ፤ በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የከፋ ድካም ነበር። «እኔ ግን ‹እውነቷን ይሆን?› ብዬ አሰብኩ። አየሽ? አሁን እኔም ተማርኩት። ነገ ሌላ ኤዶም መጥታ ሌላ ነገር ብትነግርሽስ? ሽማግሌ ሁለተኛ አልልክም። የምልክበት ፊት የለኝም።»

ተውኔቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ መታየት ጀመረ። አዳራሹ ይሞላል። በመጨረሻው ትዕይንት አይናዲስ እጇን ስታነሣ፣ ሉልሰገድ ምንም ሳይል ያያታል፤ ቃል አልተሰጠውምና። በዚያ ዝምታ ውስጥ ተመልካቹ ያለቅሳል። መጋረጃው ሲዘጋ ሉልሰገድ ወደ አንድ በር፣ እሷ ወደ ሌላው ይወጣሉ። ያንን እጅ በየሳምንቱ ማንሣት ምን ያህል እንደከበዳት ማንም አላወቀም፤ ሁሉም ያደነቀው ትወናዋን ነው።

መሸከም ሲያቅታት ወደ ሱቁ ሄዳ ለአባቷ ተናገረች። አቶ ዓምደሚካኤል ጥቁሯን ድንጋይ በጨርቅ ሲወለውሉ ነበር። ነገሩ እየገባቸው ሲሄድ እጃቸው ቀስ በቀስ ቆመ።

«የሰውየው ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«የራሳቸው ነበር፣ አባባ። ኋላም ተላጭተውታል።»

«በዚህ ጣቴ ነካሁት እኮ።» ጣቶቻቸውን የሌላ ሰው ይመስል ተመለከቷቸው። ድንጋዩን አስቀምጠው፣ «ቤታቸው የት ነው?» አሉ።

«እንዴት ብለው ይሄዳሉ? የሴት ልጅ አባት ወደ ወንዱ ቤት…»

«ወጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አሁን ወግ እንዴት ልጠይቅ?» ብለው የሱቁን በር ከሰዓቱ በፊት ዘጉ።

አባትና ልጅ እሪ በከንቱ ሲደርሱ በሩን የከፈቱት አቶ መብራህቱ ራሳቸው ነበሩ። ፊታቸው ባዶ ሆኖ ያነሱ፣ የተራቆቱ መስለው ታዩ። ከውስጥ ወይዘሮ አክበረት ተቀምጠዋል፤ ሉልሰገድ እናቱን አየት አድርጎ ተነሣ።

«ግቡ» አሉ አቶ መብራህቱ።

«የመጣሁበት ሳይሰማ አልገባም» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሐሰትን ስፈልግ ኖሬ፣ እውነት ደጄ ድረስ ስትመጣ በእጄ አዋረድኳት። ልጄን ላጋባ አልመጣሁም፤ እሱን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ይቅርታዎን ፈልጌ ነው። እስኪሰጡኝ እዚሁ እቆማለሁ።»

አቶ መብራህቱ ለጥቂት ጊዜ አገጫቸውን ዳሰሱ። «ይግቡ ወንድሜ፣ ብርድ ነው» አሉ። «እዚህ ቤት ልብስ የሚያከራይ የለም፤ ጋቢ ግን አይጠፋም።»

ወይዘሮ አክበረት ግን አይናዲስን አላሳለፏትም። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን የጠረጠርሽው ማንን ነው? ልጄን ነው ወይስ እኛን?»

ጥያቄው ከተነገረው በላይ ይዞ እንደመጣ ሁሉም አውቋል። አይናዲስ መልካም መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። «ኤዶም አታልላኝ ነው» ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግማሽ እውነት እንደሆነ ግን ታውቃለች።

«ሁላችሁንም» አለች፣ ቀና ብላ። «ስልክ ላይ በትግርኛ ሲያወራ፣ ቋንቋውን ስለማላውቀው ብቻ ክፉ ነገር የሚያወራ መሰለኝ። ኤዶም የዘራችው እኔ ጋ መሬት ስላገኘች ነው። ይህን ስናገር አፍራለሁ።»

አቶ ዓምደሚካኤል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወይዘሮ አክበረት ፊታቸው ጠቆረ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም። ሉልሰገድ ግን አይናዲስን አየ። ወለሉን ሳይሆን ዓይኗን አየ፤ ለብዙ ጊዜ። ከዚያ ወደ እናቱ ጎንበስ ብሎ በትግርኛ አንድ ነገር ተናገረ። ወይዘሮ አክበረት መጀመሪያ ገሠጹት፤ ቀጥሎ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ምን አልካቸው?» አለች አይናዲስ።

«‹እንዲህ ያለ መጥፎ መልስ ማንም አዘጋጅ ጽፎ አይሰጣትም፤ የራሷ ነው› አልኳት።»

አይናዲስ ስቃ ይሁን አልቅሳ ራሷም አልለየችውም። ወይዘሮ አክበረት ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁላትና መደቡን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ተቀመጪ» አሉ። «ቋንቋውን ግን ትማሪያለሽ። እኔው አስተምርሻለሁ፤ ስሳደብ እንድትሰሚ።»

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ተጋቡ። ተውኔቱ በቀጣዩ ዓመት እንደገና መድረክ ላይ ሲወጣ፣ የሻሽወርቅን ሆና የተጫወተችው ኤዶም ናት።